ጎል አግብቶ ያልጨፈረው ሰው

ውድ ደሴ፣ የምህረት አባት፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ልነግርህ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ እስክደርስበት ድረስ የቤቱን ወሬ ላስቀድም።

የደቡብ አፍሪካዋ ዳቬይተናችን እንዳለች ናት። ሱቃችንም አለ። ደንበኞቹ ዛሬም በብረት ፍርግርጉ በኩል «ማይ ፍሬንድ» እያሉ ዳቦና የስልክ ካርድ፣ ኤርታይም፣ ይጠይቃሉ። ማስኩን አውልቀዋል፤ እኔ ግን አንዳንዴ ረስቼው አድሬበት እነሳለሁ። ከፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት በዙሉ «ሳዉቦና» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ አንተ ትቆምበት የነበረውን ቦታ አየት ያደርጋሉ። ምህረት አድጋለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ስትቆጣ ደግሞ በዙሉ ነው። ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው።

የጀርባዋ ክፍልም እንደነበረች ናት። ከፍሪጁ በላይ ትንሹ ቴሌቪዥን አለ፤ ያንተ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ ግድግዳው ላይ የኳስ ቡድንህ የቀዮቹ ፖስተር አለ፣ ከጎኑም የሰርጋችን ፎቶ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኛህ ጴጥሮስ የካትሌሆንጉን ሱቅ ለወንድሙ ትቶ በአሮጌ ባኪው፣ በፒክአፕ መኪናው፣ ይመጣ ነበር። አንተ የቀዮቹ፣ እሱ የሰማያዊዎቹ። በአንድ የእንግሊዝ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ክለቦች እኔ ቤት ድረስ መጥተው የሚጣሉበት ምክንያት አይገባኝም ነበር። መብራት ሲጠፋ እንኳ አታርፉም፤ ለሁለቱም ክለብ የተጫወቱ ሰዎችን ስም በየተራ ትጠራላችሁ፣ ስም ያለቀበት ለስላሳ ይጋብዛል። ለስላሳው ከሱቁ ስለነበር የምጋብዘው እኔ ነበርኩ።

ስም መጥራቱን ብትወደውም የምትጠሯቸውን ሰዎች አትወዳቸውም ነበር። ከቀዮቹ ወጥቶ ወደ ሰማያዊዎቹ የሄደ ሁሉ ፖስተሩ ላይ ፊቱ በተፋቀ የኤርታይም ካርድ ይሸፈናል፣ ያውም በሙጫ። ጴጥሮስ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» እያለ ያናድድሃል፤ አንተ ደግሞ «ቤት እኮ ባላ አይደለም!» ትላለህ።

አንዱን ብቻ ምረኸዋል። ያንን ረጅሙን ተከላካይ ማለቴ ነው። በሰማያዊው መለያ የድሮ ቡድኑ ላይ በግንባሩ ጎል አገባ። ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሲሮጡ እሱ ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ ቆመ፤ አልሮጠም፣ አልጨፈረም፣ ወደ ድሮ ደጋፊዎቹ ዞሮ አንገቱን ደፋ። አንተ በጎሉ እየተቃጠልክ ተነሳህና ካርዱን ላጥክለት። ሙጫው የጉንጩን ወረቀት ይዞት ተነሳ። «ቢሄድም ቤቱን አልረሳም» ብለህ ተቀመጥክ። እኔ በሩ ላይ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ ለኳስ ይህን ያህል መሆንህ አሳቀኝ።

ከዚያ በሽታው መጣ። ሆስፒታል ያደረሰህ ጴጥሮስ ነው፤ ሁለታችንንም ከበሩ መለሱን። ከዚያ ወዲያ የቀረን ስልክ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ቀን ትንፋሽህ እየተቆራረጠ የጠየቅከኝ «ስንት ለስንት ወጣ?» ነበር። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተጫውተው ሰማያዊዎቹ አሸንፈው ነበር። አጠገቤ የቆመው ጴጥሮስ ጣቶቹን አንስቶ ሁለት ለአንድ አሳየኝ፣ ወዲያው ወደ ስልኩ ጠቆመ፤ ያንተ ቀዮች አሸነፉ በይው ማለቱ ነው። እኔም ቀዮቹ አሸነፉ አልኩህ። ሳቅህን ሰማሁት፣ ሳልም ቢቀላቀልበት። ውሸት እንደነበር ዛሬ ነው የምነግርህ።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። በፕላስቲክ ተጠቅልለህ ወጣህ፤ ፊትህን አላየሁም፣ አላጠብኩህም፣ ወደ ሀገር ቤትም አልላክንህም። ቀብር የሚቆመው ሰው የተወሰነ ስለነበር የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ሆነው ዘመሩልህ። ጴጥሮስ ከዚያ በኋላም ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም። አምና ሱቆች ሲዘረፉ ደርሶ ፍሪጁን ባኪው ላይ ሲጭን፣ ፖስተሩንም ቀስ ብሎ አንስቶ ጠቀለለው። ነገሩ ሲበርድ በነበረበት ቦታ መልሶ የሰቀለውም እሱ ነው። የቀዮቹን ፖስተር፣ ጴጥሮስ!

እንግዲህ ልንገርህ። ጴጥሮስ ሽማግሌ ልኮብኛል።

ሴቶቹ «የሞተ ተጎዳ፣ አንቺማ ገና ልጅ ነሽ» ይሉኛል። ሲሉኝ እናደዳለሁ፤ ቤት ገብቼ ደግሞ ቃላቸውን ለራሴ እደግመዋለሁ፣ በዚህም አፍራለሁ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን ያለፈው ቅዳሜ ነው። ሁለቱ ክለቦች ይጫወቱ ነበር። ሰማያዊዎቹ ጎል ሲያገቡ ሳላስበው ብድግ ብዬ እልል አልኩ። በቀዮቹ ላይ፣ ያውም ካንተ ወንበር ተነስቼ። ምህረት ዞር ብላ አየችኝ። ጴጥሮስን ሳየው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ለጎል ጨፍሮ አያውቅም፤ እኔ ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። ጎሉ የእሱ ነበር፣ የጨፈርኩት እኔ ነኝ።

ጴጥሮስ ሲሄድ አንድ የተፋቀ ካርድ አነሳሁና የሰርጋችን ፎቶ ላይ ፊቴን ሸፈንኩት። በሙጫ። አንተ ብቻህን ሱፍህን ለብሰህ ትስቃለህ፣ አጠገብህ ቬሎ ለብሳ የቆመችው ፊት የላትም። ምህረት ለምን ብላ ጠየቀችኝ፤ የሙጫውን ክዳን አምጪልኝ አልኳት።

ፈቃድህን ሰጥተኸኛል ብዬ አልዋሽም። አልሰጠኸኝም፤ ልትሰጠኝም ጊዜ አላገኘህም። እኔ ግን ለሽማግሌዎቹ እሺ ብያለሁ። ብቸኝነቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። እወደዋለሁ፣ ደሴ። ይኸው ጻፍኩት።

ድግስ አይኖርም፣ ጸሎት ብቻ ነው። እልልታ እንዳይሰማ ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ ጴጥሮስ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀኝም። ከጸሎቱ ስመለስ ወደ ጀርባዋ ክፍል እገባና ፎቷችን ፊት ሁለት እጆቼን ከፍ አድርጌ እቆማለሁ። ተነስተህ እንደማትልጥልኝ አውቃለሁ፤ ካርዱን ራሴ አነሳዋለሁ። ሙጫው ጉንጬን ይዞት ይነሳ ይሆናል። ይነሳ። የተቀደደውን ባየሁ ቁጥር ከማን ቤት እንደሄድኩ አስታውሳለሁ።

ያንተው አስቴር