ከእኔ ጎረቤቴ ይሻላል

ይድረስ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ እኔ ከነምላሴ ደህና ነኝ።

ትምህርት ቤታችን ገበያ ሆኖልሻል። አዲሱ ዳይሬክተር ተማሪውን «ደንበኛ» ይለዋል። ወላጆች በየክፍሉ እየዞሩ መምህር እንዲመርጡ፣ ያልተመረጠውም እንዲሰናበት ወሰነ። እኛም በማኅበራችን ተሰብስበን ተማማልን፤ ማንም የራሱን ዕቃ አያሞግስም!

በምርጫው ቀን አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጣች።

«የኔ እመቤት፣ ከእኔ ጎረቤቴ ይሻላል» አልኳት።

ጎረቤቴ የሒሳብ መምህሩም «ኧረ የሳይንሷ እያለች እኔ ማን ሆኜ!» ብሎ ሰደዳት። ሴትዮዋ ሕንፃውን ዞራ ዞራ፣ ላብ አጥምቋት እኔው ዘንድ ተመለሰች።

«እናንተ ሰዎች፣ ሁላችሁም ጥሩ ከሆናችሁ ምኑን ነው የምመርጠው?»

«እሱን ለዳይሬክተሩ ንገሪልን።»

ሄዳ ነገረችው፤ ሌሎቹም ወላጆች ተከተሏት። ምርጫው በዚያው ፈረሰ።

ዳይሬክተሩ ታዲያ እኔን፣ የማኅበሩን ሰብሳቢ፣ «ሰኞ የክፍልሽን ቁልፍ ይዘሽ ቢሮ ነይ» ብሎኛል። ቁልፍ ማየት ይወድ ይሆናል። ይህን የሰማው የሒሳብ መምህር «ብቻሽን ምን ያስኬድሻል? ሁላችንም ቁልፋችንን ይዘን እንመጣለን፤ አይቶ ይጥገብ!» አለ። አንድም ሰው እምቢ አላለም።

በነገራችን ላይ፣ የጓሮዋን ክፍል ካላከራየሻት ትንሽ አቆዪያት። እንዲሁ ነው። የምኖርበት የትምህርት ቤቱ ቤት ሰሞኑን ለመጻሕፍቴ ጠቧቸዋል።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

አክባሪ እህትሽ፣
እስከ ሰኞ መምህርት፤ ከሰኞም በኋላ መምህርት።