የአቶ ያዊንግ ዱካሬ ዕረፍትና የተዘጋው የጫካ መንገድ

የካምባሮ ብሔራዊ ፓርክ ደን ጠባቂዎች ማኅበር መሥራቹንና የረጅም ዘመን የጥበቃ ኃላፊውን አቶ ያዊንግ ዱካሬን ባለፈው እሑድ በሕመም ምክንያት አጥቷል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ልባችን ግን ለማልቀስ እንኳ አልረጋም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

እ.ኤ.አ. በ1994 አቶ ያዊንግ የመንደሮቹን ሽማግሌዎች አሳምነው የአደን ውሾች የፓርኩ ወሰን የሆነውን ወንዝ እንዳይሻገሩ አስወስነዋል። የዛፍ ካንጋሮ ግልገሏን በከረጢቷ ይዛ ዳግም የታየችው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ካሶዋሪ የሚባለውን ግዙፍ የማይበር ወፍ ኩስ እየለቀሙ፣ በውስጡ ከሚገኘው የፍሬ ዘር ችግኝ አፍልተው፣ እሳት ያራቆተውን ተረተር በዛፍ አልብሰዋል። «ኩስ ለቃሚው» እያሉ ለሚያፌዙባቸው፣ «ሳቁ፣ ሳቁ! ጥላው ሥር ስትቀመጡ እጠይቃችኋለሁ» ይሉ ነበር። ዛሬ ከሚያለቅሱላቸው መካከል ያኔ ያፌዙባቸው ይበዛሉ፤ የተቀመጡትም እዚያው ጥላ ሥር ነው።

በልማዳችን እንደ እሳቸው ያለ የጫካው ባለርስት ሲሞት ይመላለስበት የነበረው ጫካ በቀይ ቅጠል ቋጠሮ ይዘጋል። የሐዘኑ አሳማ ታርዶ የሟች የእኅት ልጅ ቋጠሮውን እስኪፈታ ድረስ ማንም አይገባም። ጠባቂዎቻችን በሐዘን ብዛት በየኬላው ሁሉ ቋጠሮ አስረው ራሳቸውን ውጭ አስቀሩ። ቅጠላችንን የማያከብሩት የተራራው ማዶ አዳኞች ግን ገብተዋል። ከትናንት ጀምሮ የውሻ ጩኸት ይሰማል። ወቅቱ ደግሞ አባት ካሶዋሪ ጫጩቶቹን አስከትሎ የሚወጣበት ነው። እኛ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ማዳመጣችን አንገብግቦናል።

ሊቀመንበራችን ልማዱን ማፍረስ ፈርተው የሟችን ባለቤት ወይዘሮ ናሜሶን ቢያማክሩ፣ እንዲህ ሲሉ መልሰዋል፦ «ያ ሰውዬ አንድ ቀን ቤት ተቀምጦ ያውቃል? ውሻ እየጮኸ እናንተ እዚህ ስኳር ድንቼን ትበላላችሁ! ጎሬክ፣ ተነሥ እንጂ አንተ፣ የአጎትህን ቋጠሮ ፍታ! አሳማው የትም አይሄድም።»

የእኅታቸው ልጅ አቶ ጎሬክ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈትተዋል። ጠባቂዎቻችንም ተከትለዋቸው ገብተዋል።

ስለሆነም ማኅበራችን ለወይዘሮ ናሜሶ፣ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እየተመኘ፣ ለቅሶ ደራሾች ወደ መኖሪያ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ላይኛው ኬላ እንዲመጡ ያሳስባል። ጭቃ የሚችል ጫማ ይደረግ። ቁጭ ብለን የምናለቅሰው የውሾቹ ጩኸት ሲቆም ነው።