በመሐረብ ስለተወለወለው ንጣፍ

ለተከበሩ አቶ ጥሩነህ፣
የአየር ጤናው የቁሳቁስ ምርምር ማዕከላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎም ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ይህ ጽሑፍ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ የእቶን ክፍሉ ባለሙያ ወርቅአፈራሁ ደህና ነኝ፤ ባልደረባዬ ኢሊሊ ቀነኒሳ ግን እርስዎ ካገዷት ወዲህ ቤቷ ተቀምጣለች። በአደባባይ መጻፌ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር እንግዶች ሲጎበኙን ግቢው እንዲጸዳ ማዘዝዎ የሚያስመሰግን ነው። አጥሩ ተቀባ፣ ከ18 ማዞሪያ የአበባ ማሰሮ በኪራይ መጣ። ይህ አልበቃ ብሎዎት እንግዶቹን አስከትለው ክፍላችን ገቡና፣ ኢሊሊ ለእቶን ያዘጋጀቻትን ትንሽ ሳህን አንስተው፣ ጭጋግ የያዛት መስሎዎት በመሐረብዎ ወለወሉልን። ለዚህ ትሕትናዎ ምስጋናዬ ያጥራል።

ሁለተኛ፣ ያ ጭጋግ ግራፊን ይባላል፤ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። ለኮምፒውተር ቺፕ የሚሆነው ክሪስታል እቶኑ ውስጥ በእሱ ላይ ሲያድግ እንከን ሳይኖረው ይደረደራል፣ ካደገም በኋላ ሳይሰበር ተላጦ ይነሳል። ንጣፉ ሲጠፋ ግን ክሪስታሉ ከሳህኗ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ኢሊሊ ሌላ ላዘጋጅ ብላ ብትለምንዎ፣ እንግዶቹ እቶኑን ሲሠራ ሳያዩ አይሄዱም ብለው የወለወሉትን አስገቡ። ክሪስታሉም ተጣብቆ ተሰነጣጠቀ።

ሦስተኛ፣ በቸልተኝነት ናሙና አበላሽታለች ተብላ የታገደችው ኢሊሊ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ያንን ንጣፍ ሳይቀደድ ሳህኑ ላይ ለማሳረፍ ስትለማመድ የከረመች ልጅ፣ ሐሙስ ጉዳይዋን የሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ካባረራት እንዲህ ያለ እቶን ሌላ የት ታገኛለች? ሙያዋ እዚሁ ያበቃል። እርስዎ ደግሞ ይህንን እያወቁ ዝም ብለዋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በታላቅ አክብሮት ንቄዎታለሁ።

እገዳው እንዲነሳላትና ጥፋቱ የማን እንደሆነ በራስዎ አንደበት እንዲነገር እየጠየቅሁ፣ ለጽዳት ዘመቻዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ወርቅአፈራሁ ሀብተማርያም
ከኮልፌ ቀራንዮ

ሳልዘነጋው፦ የጉብኝቱን ፎቶግራፍ አሳድገው መግቢያው ላይ ማሰቀልዎ ደግ ሥራ ነው። በአንድ እጅዎ ሳህኗን፣ በሌላው መሐረቡን ይዘው ፈገግ ብለዋል፤ ከኋላዎ ኢሊሊ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። ኮሚቴው የሚገባው በዚያው በር ነውና፣ እባክዎ እስከ ሐሙስ አያውርዱት።