ሰም ያለቀበት ኩርባ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ጠዋት የፈረስ መሙን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ትራክተሯ አንገራግራ አንገራግራ ተነሳች። ብርዱ ከዜሮ በታች ሦስት። አለቃችን ጡረታ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሃያ ዓመት ትራክተር ነድቼ፣ አሁን "መሙ ለግልቢያ ብቁ ነው" ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ!

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ሃልም ካፖርቱን እንኳ ሳይደርብ እየሮጠ መጣ።

"ግሌንዳ! ከዮርክሻየር እስከ ለንደን ሣር ያለው መም በሙሉ በውርጭ ተዘጋ። የሐሙሱ ትልቁ ውድድር ወደኛ ዞሯል። ቴሌቪዥን አለ!"

የኛ ሣር አይደለማ። አሸዋ፣ የጎማ ፍርፋሪና ክር፣ በሰም የተለወሰ። ውሃ አያስገባም፣ አይቀዘቅዝም… ነው የሚባለው። ልቤ ዘለለች። የኔ መም፣ አገር ምድሩ እያየው!

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7

ሽማግሌው አሰልጣኝ ዊልፍ ፈረሶቹን ሊያሟሙቅ አመጣ። ጋላቢዋ ኢሞጅን ግራጫዋ ባዝራ ላይ ነበረች። የማዶው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ባዝራዋ ተደናቀፈች። ኢሞጅን የባዝራዋ አንገት ላይ ተጠምጥማ ለጥቂት ተረፈች። ኮቴውን አንስተን ብናየው እንቁላል የሚያህል የቀዘቀዘ አሸዋ ተጠቅጥቆበታል።

"ግሌንዳዬ፣ እዚያ ምን ቀብረሽ ነው?" አለችኝ። ትስቃለች፣ ከንፈሯ ግን ደም የለውም።

ሄጄ ዘገንኩ። ቀጥታው ላይ ያለው አሸዋ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ ይያያዛል። የኩርባው ላዩ እንደ ጨው በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ፣ ከሥሩ ደግሞ በረዶ። ለምን እዚያ ብቻ?

ለሃልም ነገርኩት። "ማንኛውንም አየር ይችላል ተብሎ አይደል የተሠራው? ደጋግመሽ ከስክሺው።"

ከሰከስኩት። ወይ ፍንክች።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 8

አገኘሁት! አገኘሁት!

ኩርባው ላይ ስቆፍር ዋልኩ። ከላይ አንድ ስንዝር የሚሆነው ሰም የሚባል የለውም። ከዚያ በታች ደህና ነው። ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ፀሐይ ወጣች… የት ላይ አረፈች? ኩርባው ላይ። ዛፍ የለ፣ ግድግዳ የለ። ስንት በጋ እንዲህ ተጠብሷል! ሰሙ ሲያልቅ ዝናቡ ገባ፣ የገባው ውሃ በብርድ በረዶ ሆነ። እኛ ክረምቱን ስንረግም… ጥፋቱ የበጋው ኖሯል።

ታዲያ ፀሐይ ያልነካው አሸዋ የት ይገኛል? ከጥዶቹ ሥር ያለው አሮጌው መለማመጃ! ከመሙ ጋር በአንድ ዓመት የተነጠፈ ነው፣ ማንም አይረግጠውም። በሃምሳ አራት ዓመቴ ሮጥኩ። ዘግኜ ጨበጥኩ። ሊጥ! ብቻዬን ጮህኩ።

ሃልም ግን፦ "ነገ ቴሌቪዥን አለብን! አሸዋ የምናግዝበት ጊዜ ነው?"

"እንግዲያው አልፈርምም።"

"አንቺ እኮ ትራክተር ነጂ ነሽ!"

"ነኝ። ስለዚህ ነው የማውቀው።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? ዊልፍ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ቆቡን አወለቀ። "ግሌንዳ ካልፈረመች የኔ ፈረሶች ከጋጣ አይወጡም" አለ። ቀጥሎ ሌሎቹ አሰልጣኞችም እንዲሁ እያሉ ደወሉ… ውድድሩ ለቅዳሜ ተላለፈ። ሁለት ቀን አለኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

የሞተውን አሸዋ ጠርገን አወጣን፣ የጥዶቹን እናግዛለን። አሥራ ስድስት ጭነት ገባ። ጋላቢዎቹ ሥራ ፈትተው ስለዋሉ አካፋ ይዘው መጡ። ኢሞጅን ክብደቷ ከአካፋው አይበልጥም፣ ግን ማን ያስቆማት! "ፈረስ ከመጋለብ ይሻላል፣ አሸዋ አይጥልም" ትላለች።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 10

ሠላሳ አንድ ጭነት። አለቀ። እጄ ብዕር አይጨብጥም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

ከዜሮ በታች ሰባት!

ፈረምኩ። ከዚያ ሰው ወደሞላበት አልሄድኩም። ኩርባው ጋ፣ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ብሳሳትስ? ዘጠኝ ፈረስ፣ ዘጠኝ ሰው…

መጀመሪያ የሰማሁት በእግሬ ነው። መሬቱ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ብቅ አሉ፣ አንድ ላይ ታጭቀው፣ በሙሉ ፍጥነት። ታጠፉ… አንድም ኮቴ አልከዳም! አለፉ፣ አሸዋው ፊቴን መታኝ፣ ጉንጬ ላይም ተለጠፈ። ተለጠፈ እኮ! "ያዘ! ያዘ!" እያልኩ ብቻዬን ዘለልኩ።

የዊልፍ ባዝራ አራተኛ ወጣች። ኢሞጅን ከላይዋ ወርዳ አቀፈችኝ። "አራተኛ ወጥቼ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም!" ስድስት ውድድር ተካሄደ። ሁሉም ፈረስ በገዛ እግሩ ጋጣው ገባ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ጠዋት ሃልም መጣ። "ነገም ውርጭ አለ ይላሉ። እንወዳደር ወይስ ይቅር?"

"ማለዳ አይቼ እነግርዎታለሁ።"

"እሺ" አለ። እሺ ብቻ! በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ።

ከሰዓት ደግሞ ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገር አንድ የመም ኃላፊ ደወለ። እነሱ ዘንድ ሰሙ በሙቀት እየቀለጠ የፈረሶቹን እግር ይይዛል አለ። መጥተሽ እይልን፣ ቲኬቱ በእኛ… እኔን? "እኔ የማውቀው ብርድ ነው" አልኩት። "ሙቀቱን እኛ እናሳይሽ፣ አንቺ ብቻ ቆፍረሽ እይ" አለኝ ሰውዬው።

እሄዳለሁ! ግን ፓስፖርት የለኝም። ከእንግሊዝ ወጥቼ አላውቅማ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ፎቶ ቤት ሄድኩ። "እመቤት፣ ለፓስፖርት መሳቅ ክልክል ነው" አለኝ ፎቶ አንሺው። እሺ አልኩ። አምስት ጊዜ አነሳኝ። አምስቱንም ጊዜ ሳቅኩ።