ጎማ ስለማያስፈልገው የበሽተኛ ጋሪያችን

ለተከበሩ ጓድ ዳበሳ፣ የሰፈራ መንደራችን ኃላፊ
በኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፤ ማንበብ የቻለ ያንብበው፣ ያልቻለ አጠገቡ የቆመውን ይጠይቅ።

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወባው መንደሩን ሲያዳርስ እርስዎን በአክብሮት አልፎ መሄዱን ከጉንጭዎ ስለተረዳሁ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ሻዕባን፣ ከወሎ ስመጣ በጣቴ እፈርም የነበርኩ፣ ዛሬ ግን የማታ መሠረተ ትምህርትን ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ የጨረስኩ ነኝ (የክፍል ጓደኛዬ ባቢከር ዓይኑን ታሞ ባይቀር ኖሮም ያው ነበር)። መጻፍ የተማረ ሁሉ ሂሱን በግድግዳ ላይ ያቅርብ ብለው ያዘዙት እርስዎ ስለሆኑ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእናቴ መጻፌን ትቼ ለእርስዎ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ከውጭ አገር ኮርስ እንደተመለሱ ሰብስበውን ስለ ማግኔት ባቡር ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ኤሌክትሪክ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት እንደሚሆን፣ ባቡሩም ሐዲዱን ሳይነካ ተንሳፍፎ ያለ ጎማ ሽው እንደሚል፣ ወደፊትም ከመንደራችን አሶሳ ሆስፒታል ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንደሚደረስ ሲነግሩን አጨበጨብን። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅንም፤ በፋኖስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቅ ድፍረት ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ «ጎማ ያለፈ ዘመን ነገር ነው፣ ለጥናት እፈልገዋለሁ» ብለው የበሽተኛ ጋሪያችንን ሁለት ጎማዎች ስላስፈቱልን እናመሰግናለን። ጋሪው ለምን እንደተሠራ ዘንግተው እንደሆነ ላስታውስዎ። አምና ባለቤቴን ኸድራን ምጥ ሲይዛት፣ በሬዎቻችን በገንዲ በሽታ አልቀው፣ ትራክተሩም ለእርስዎ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሊያመጣ ሄዶ ስለነበር፣ በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። ልጃችን አሶሳን ሳያይ መንገድ ላይ ቀረ። እሱን ከቀበርን በኋላ ነው የበርታ ተወላጁ ጎረቤታችን ማህጁብ ቀርከሃ ቆርጦ፣ እኛም ከወዳደቀ ተጎታች ጎማ ፈትተን፣ በሰው የሚጎተተውን ጋሪ የሠራነው።

ሦስተኛ፣ ጥናቱ እየተፋጠነ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎማዎቹ በእርስዎ የግል ጋሪ ሥር ገብተው ከሰል ወደ አሶሳ ገበያ ሲያመላልሱ ማህጁብ በዚያ በሚያውቁት አማርኛው «ሻዕባን ወንድሜ፣ ይሄ ጥናት ጥቁር ነው፤ ደግሞ በጆንያ ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳይንስ ገና አልገባህም ብዬው አለፍኩ።

አራተኛ፣ ኸድራ ዳግም ፀንሳ ወሯ ገብቷል። ጤና ረዳቱ ደሟ ብረት ያንሰዋል፣ እዚህ እንዳትወልድ ብሎናል። ጎማዎቹን ልለምንዎት ደጅዎ ስቆም «ታገሥ፣ ማግኔቱ ይደርሳል» አሉኝ። ጓድ፣ እኔ ትናንት ሀሁ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ማግኔት የሚስበው ብረትን ከሆነ፣ ብረት ያነሳትን ሴት ምኗን ይዞ ይስባት?

ቢሆንም ሳይንስን መርዳት ግዴታዬ ስለሆነ፣ ለማግኔትዎ ሌሎች ጥቅሞችን አስቤለታለሁ። ከመሰብሰቢያው ሥር ቢቀበር እኛን ሰፋሪዎቹን ባንድ ጊዜ ወደ ወሎ ሊወረውረን ይችላል፤ ስንመጣም ማንም ስላልጠየቀን አዲስ አይሆንብንም። ተመሳሳይ ጫፎች ይገፋፋሉ ያሉትንም እርስዎና ዶማ ስትተያዩ አረጋግጫለሁ። ከሁሉ የምመኘው ግን የእርስዎን ክብደት የሚችል ማግኔት ተገኝቶ፣ ከፍ ከፍ ብለው በሕዝብ ጭብጨባ ሲንሳፈፉ፣ ልክ ዐባይ ላይ ሲደርሱ መብራት እንዲጠፋ ነው።

ከሁሉም በፊት ጎማ ይቅደም!

በታላቅ አክብሮት ከእግርዎ ሥር፣ ማለትም እርስዎ ሲንሳፈፉ በደንብ ከሚታይበት ቦታ፣
ሻዕባን ዐወድ
በገዛ እጁ ጽፎ በገዛ እጁ የፈረመ

ማስታወሻ፦ ይህን የለጠፍኩት ኸድራ በጋሪው ላይ ተኝታ፣ ማህጁብና ባቢከር እየጎተቷት የአሶሳን መንገድ ከያዙ በኋላ ነው፤ እኔም ለጥፌ እንደጨረስኩ ሮጬ እደርስባቸዋለሁ። የእርስዎ ጋሪ ከነከሰሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎማ ስለሌለው ከእንግዲህ ለማግኔቱ ዝግጁ ነው። አልንሳፈፍ ካለ ግን ሽቦውን ከመውቀስዎ በፊት፣ እባክዎ እርስዎ ከላዩ ይውረዱና ይሞክሩት።