የሩቁን ወይስ የቅርቡን

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እጄም ከመጋዙ አልቦዘነም። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ልጅሽ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

የልጅሽ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ደርሷል። አስተማሪዋ እንጨት ሥራ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «አባባ፣ በዚህ ውጤቷ የሩቁን ዩኒቨርሲቲ ካስቀደመች ሕክምና ይደርሳት ይሆናል፤ ሁለተኛ ካደረገችው ግን ዞር ብለውም አያዩዋት» አለኝ። እሷ የቅርቡን አስቀድማለች። ለምን ብላት፣ «የሩቁ አገር ይበርዳል» አለችኝ። ምን ብርድ ታውቃለች!

ባለፈው መንገዱን ቆፋፍረው የቤቴን መግቢያ አሳጡኝ። ዳቦ ጋጋሪው እጄን ይዞ አደረሰኝ፤ በገዛ ሰፈሬ እንደ እንግዳ! ከዚያ ወዲህ ልጅሽ ማታ ማታ ከሥራ ትወስደኛለች። «መንገዴ ነው» ትላለች፤ ትምህርት ቤቷ ግን በወዲያኛው በኩል ነው። ትናንት ደግሞ ምድጃውን ማን ለኩሶ እንደተወው እንጃ፣ ደርሳ ያጠፋችው እሷ ናት።

ምርጫው ሳይዘጋ ደውይላት። እናቷ ነሽ፣ የሩቁን አስቀድሚ በያት። እኔማ ልነግራት ስንቴ አፌን ከፍቼ፣ «እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ብዬ ተውኩት።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ በጤና ያገናኘን።

ያው አባትሽ ነኝ።