ሶፋው ላይ የሚተኛው ባሌ

ሰኞ

ዛሬም ዋሸሁት። መርፌውን ተወግቶ ከሆስፒታል ስንመለስ፣ «ዶክተሩ ለብቻሽ ምን አለሽ?» አለኝ። «ያው የፕሮስቴት እብጠት ነው፤ መርፌው ያሟሽሸዋል» አልኩት። ካንሰር የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ የምገድለው ይመስለኛል። ውጤቱ የመጣ ቀን ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ኮሪደር ላይ ይዞኝ፣ «እትዬ አስቴር፣ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም። ከሰማ ቀድሞ ይሞትብናል» አለኝ። እሺ አልኩ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ።

ባሌ መኮንን ኮተቤ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ነው። እሱን በእብጠት አታልላለሁ! ለነገሩ አጥብቆ አይጠይቅም። ካልጠየቀ ምን ላድርግ።

ማክሰኞ

ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። «ላብ ያጠምቀኛል፣ እንቅልፍ እነሳሻለሁ» ይላል። ላቡስ እውነት ነው። በዚህ የየካ ብርድ መስኮት በርግዶ በካናቴራ ይቀመጣል። እኔ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ።

ግን ላብ ብቻ አይደለም። እጄን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ብድግ ይላል። ውሃ ጠማኝ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖሬ ውሃ በለጠኝ።

ጠልቶኝ ይሆን? ዛሬ መስታወት ፊት ቆሜ የተሸበሸበ አንገቴን ሳይ ቆየሁ። በዚህ እድሜዬ! ተናደድኩ።

ረቡዕ

የካ ሚካኤል ደርሼ መጣሁ። ስለቴን እንኳ በወጉ አልተናገርኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ሶፋው ላይ ነው። ምሳ ሽሮው አረረብኝ። ያለ ወትሮው ዝም ብሎ በላና «ይጣፍጣል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸታም። ሁለታችንም።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ።

ስለ ካንሰሩ መርፌ የሚያስረዳውን የሆስፒታል ወረቀት የደበቅኩት ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ነው። ዛሬ ነጭ ክር ስፈልግ ወረቀቱን ሳወጣው በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ሰውየው ያለ ቀይ እስክሪብቶ ማንበብ አይችልም። «ድንገተኛ ሙቀትና ላብ» አንድ መስመር። «ድካም» አንድ መስመር። «የግብረ ሥጋ ፍላጎት መጥፋት» ሁለት መስመር። ከዚህኛው ጎን፣ ዳሩ ላይ በዚያች በማውቃት ጽሕፈቱ፣ «ለአስቴር እንዴት ልንገራት?»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ለካ ያውቃል። ለካ አልጠላኝም፤ አፍሮ ነው የሚሸሸኝ። እኔ ከእሱ ስደብቅ እሱ ከእኔ ሲደብቅ።

እርሳስ አነሣሁና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «አውቃለሁ። ወደ አልጋህ ተመለስ። አጠገቤ መተኛትህ ብቻ ይበቃኛል።» ወረቀቱን ከክሮቹ ሥር መለስኩት።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አላረፈም። ጭራሽ ቢያፍርስ? ቢርቀኝስ? ለማጥፋት ሁለት ጊዜ ላጲስ ይዤ ተነሥቼ ተመለስኩ።

ዓርብ

ጠዋት መሳቢያውን ከፈትኩ። «አውቃለሁ» አጠገብ ቀይ ራይት። «ተመለስ» አጠገብ የጥያቄ ምልክት።

ግቢ ውስጥ ወደ እንጦጦ ዞሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳያየኝ፣ «ዳዊት ነው» አለ። «ወረቀቱን ሳላገኝ በፊት አፋጥጬው በሽታዬን ነገረኝ። ግፊት አለባት፣ ከሰማች ትወድቃለች፣ እንዳትነግራት አለኝ።»

ይሄ ልጅ! ለሁለታችንም! ሳቅ አፈነኝ፤ እሱም ሳቀ። ቆይቶ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አስቱ፣ እንደ ድሮው ባል ልሆንሽ አልችልም።»

«እኔም እንደ ድሮው ሽሮ መሥራት አልቻልኩም» አልኩት። አልሳቀም። እኔም ቀልዱን ተውኩትና እጁን ያዝኩት። እንደሚነሣ ጠበቅኩ። ውሃ አልጠማውም።

«እንዳታዝኚልኝ» አለ።

«አዝናለሁ። ምን ታመጣለህ?»

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረን ልንገባ ተስማምተናል። የሚጠየቀውን እሱ በቀይ ይጽፋል። ዳዊትን ማን እንደሚቆጣው ገና አልተስማማንም።

አሁን አመሻሽ ላይ፣ ይህን ስጽፍ፣ ትራሱን ታቅፎ መኝታ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ይግባ አይግባ የቆረጠ አይመስልም።

«መስኮቱ መከፈቱ አይቀርም» አለኝ። «ይበርድሻል።»

ተነሥቼ ሁለተኛ ጋቢ አወጣሁ።